ፋብሪካው ያፈጠነው ካርድ እጃጂ ሲደርስ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ የቸኮለ ሰው ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው።

ያስተማርኳችሁ ታውቁኛላችሁ፣ በዲፕሎማ የማስተምር የአይሲቲ መምህር ነኝ እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም። ግን እጃጂ ትንሽ ከተማ ናት፤ ኮምፒውተር ነክ ነገር ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ባርሲሳ ይየው» ይላል። ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ያበጠ ባትሪ፣ ወረቀት የሚበላ ፕሪንተር ሁሉ እኔ ቤት ይመጣል። ኅዳር ላይ የመጣው ግን ግራፊክስ ካርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው።

የካርዱ ባለቤት የቀድሞ ተማሪዬ ነው። 12ኛን ከጨረሰ በኋላ አስፋልቱ ዳር ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ሠርግ ይቀርጻል፣ ይቆርጣል፣ ዘፈን ያስገባል፣ በፍላሽ ያስረክባል። የእኛን ሀገር ታውቁታላችሁ፤ ሠርግ የሚበዛው ጥር ላይ ነው። ለጥር 2018 ከአራት ቤተሰብ ቀብድ ተቀብሏል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው፤ ያገለገለ የቢሮ ዴል፣ ኮር አይ 5 አራተኛ ትውልድ። የሁለት ሰዓት ከሩብ ቪዲዮ ኤክስፖርት ለማድረግ ሰባት ሰዓት ይፈጅበታል። ማታ ሦስት ሰዓት ይጀምራል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፣ በቃ እንደገና ከዜሮ። ባለፈው ዓመት አንዱን ሠርግ አራት ሌሊት ሲጀምር ሲያቋርጥ ከርሞ ሙሽሮቹ የራሳቸውን ቪዲዮ ሳያዩ ዐቢይ ጾም ገባ።

ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ካርድ አገኘ። ጂቲኤክስ 1060፣ 6 ጊጋባይት፣ የኤምኤስአይ ጌሚንግ ኤክስ። ማስታወቂያው «ኦሲ ኤዲሽን፣ 1809 ሜጋኸርዝ፣ ተከፍቶ የማያውቅ» ይላል። ዋጋው 24 ሺህ ብር። ብሩ ከየት መጣ? እናቱ ጊደር ሸጡ። ሻጩ አዲስ አበባ ነው፤ ካርዱን በአውቶቡስ ረዳት ላከው፣ «ሦስት ቀን ፈትሹት፣ ካልወደዳችሁት መልሱ» አለ። ልጁ ካርቶኑን አቅፎ በሬን ሲያንኳኳ ከሦስቱ ቀን ግማሹ መንገድ ላይ አልቋል።

«ቲቸር፣ ይሄ ኖርማሉ አይደለም፤ ኦሲ ነው!» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

እንግዲህ ይሄ «ኦሲ» ምንድነው? ኤንቪዲያ ቺፑን ሠርቶ «ይህን ያህል ፍጥነት ይሮጣል» ብሎ ይወስናል። ለ1060 መነሻው 1506 ሜጋኸርዝ፣ ከፍ ሲል 1708 ነው። ከዚያ እንደ ኤምኤስአይ፣ አሱስ፣ ጊጋባይት ያሉት ቺፑን ገዝተው የራሳቸውን ሰሌዳና የራሳቸውን ማቀዝቀዣ ይሠሩለታል፤ ፍጥነቱንም ከፋብሪካው ጨምረው ይሸጡታል። ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ገዢው ራሱ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሴሌሮን 300ኤ የሚባል የኢንቴል ፕሮሰሰር ሰዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ያወጡት ነበር። ያ ግማሽ እጅ ጭማሪ ነው! ዛሬ ፋብሪካው የሚጨምርላችሁ ስንት ነው? ከ1708 ወደ 1809። ስድስት በመቶ። ከ30 ጥያቄ ሁለት እንደማይሞላ ማርክ አስቡት።

እሱም ቢሆን ሙሉ አይደለም። 1809 የሚገኘው የኩባንያውን ፕሮግራም ጭናችሁ «ኦሲ ሞድ» የሚለውን ስትመርጡ ነው። ካርዱ ከካርቶን ወጥቶ ሲሰካ ያለው 1784 ነው። ይሄ ጉዳይ የቆየ ታሪክ አለው። በ2016 ቴክፓወርአፕ የሚባለው የፍተሻ ድረ ገጽ ኤምኤስአይና አሱስ ለገምጋሚዎች የሚልኩት ካርድ ለገዢ ከሚሸጠው ትንሽ ከፍ ባለ ፍጥነት ተሞልቶ እንደሚመጣ አጋልጦ ነበር። ገምጋሚው የሚለካው አንድ፣ እናንተ የምትገዙት ሌላ። ልዩነቱ አንድና ሁለት በመቶ ነው፤ ግን ከጎረቤት ካርድ በአንድ በመቶ ለመብለጥ ያን ያህል መልፋታቸው ራሱ ጭማሪው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ካርዶች ሙቀታቸውና የሚወስዱት ኃይል እስከፈቀደላቸው ድረስ ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ፍጥነት ይጨምራሉ። ካርቶኑ ላይ 1708 የተጻፈበት 1060 በደንብ ከቀዘቀዘ ከ1800 በላይ ሲሮጥ ታገኙታላችሁ። ቺፕ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ከአንድ ምጣድ የወጣ እንጀራም ዓይኑ እኩል አይደለም። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን ማቀዝቀዣው ነው። የእኔ ፍርድ ይሄ ነው፤ ተጨማሪ ብር የምትከፍሉ ከሆነ ለፋኑና ለብረቱ ክፈሉ፣ «ኦሲ» ለሚለው ቃል አምስት ሳንቲም አትጨምሩ።

ወደ ፍተሻው። መጀመሪያ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ገበያ ላይ የውሸት ካርድ አለ፤ የአስር ዓመት አሮጌ ካርድ ይወስዱና ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር ቀይረው ኮምፒውተሩን «1060 ነኝ» ያሰኙታል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ «የውሸት» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ኮሮቹን ትቆጥራላችሁ። ባለ 6 ጊጋው 1060 ላይ 1280 መሆን አለበት፤ ባለ 3 ጊጋው ግን 1152 ነው፣ ስማቸው አንድ ሆኖ ማለት ነው። ኤኤምዲ ለምትገዙም እንዲሁ፤ አርኤክስ 580 የሚል ስም ይዞ 2304 ሳይሆን 2048 ኮር ያለው ለቻይና ገበያ የወጣ ካርድ አለ። የውሸት አይደለም፣ ኤኤምዲ ራሱ ያወጣው ነው፤ ግን በሙሉው 580 ዋጋ ከገዛችሁት ተሸውዳችኋል። የልጁ ካርድ 1280 አሳየ። አንድ እፎይታ።

መብራት ጠፋ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ። ልጁ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ደጋግሞ ያያል፣ ሻጩ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቆጥረው እያለ። እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ።

ማታ መብራት ሲመጣ ካርዱን የእኔ ማሽን ላይ ሰካነው። ለምን የእሱ ላይ አልሰካነውም? ይሄን ልብ በሉ፣ የብዙ ሰው ብር የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ 120 ዋት ይወስዳል። የማዘርቦርዱ ስሎት የሚሰጠው 75 ብቻ ነው፤ የቀረውን ከፓወር ሳፕላይ በባለ 8 ጥርስ ገመድ መቀበል አለበት። የቢሮ ዴሉ 290 ዋት ፓወር ሳፕላይ ነው፤ ያ ገመድ ከነጭራሹ የለውም። ሌላ ፓወር ሳፕላይ ልግዛ ብትሉ ደግሞ የዚያ ዘመን ኦፕቲፕሌክስ ማዘርቦርድ የተለመደውን ባለ 24 ሳይሆን የራሱን ባለ 8 ነው የሚቀበለው፤ ማገናኛ ገመድ ትፈልጋላችሁ። በዚያ ላይ ካርዱ 27 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ሃርድ ዲስኩ የተቀመጠበትን ብረት ይገጫል። ቴሌግራም ላይ የሚሸጥላችሁ ሰው ይሄን ሁሉ አይነግራችሁም፣ አልጠየቃችሁትማ።

ገና ዊንዶውስ ሲከፈት ልጁ ጮኸ። «ቲቸር፣ ፋኑ አይዞርም! ሞቷል!» አልሞተም። ይሄ ማቀዝቀዣ ከ60 ዲግሪ በታች ሁለቱንም ፋን እንዲያቆም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሥራ ሲሰጠው ይነሳል። ለእኛ ሀገር አቧራ ጥሩ ነው ብዬ አስባለሁ፤ የማይዞር ፋን አቧራ አይስብም።

ሥራ ሰጠነው። የክፍሌ ሙቀት 24 ዲግሪ ነበር። ፋኑ ተነሳ፣ ፍጥነቱ 1911 ደረሰ፣ ልጁ ደስ አለው። እኔ ግን የማየው ሌላውን ቁጥር ነበር። 70፣ 76፣ 80፣ በዘጠነኛው ደቂቃ 83። 83 ላይ ካርዱ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነት መቀነስ ይጀምራል፤ ወደ 1797 ወረደ። ፋኖቹ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራሉ። ይህን የሚያህል ብረትና ሁለት ትልልቅ ፋን ያለው ካርድ እዚያ መድረስ አልነበረበትም። በነገራችን ላይ እዚህ ደጋው ላይ ፋን ከባህር ዳርቻ ሀገር ይልቅ ይቸገራል። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባህር ጠለሉ በ18 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ያው ፋን፣ ያው ዙር፣ ግን የሚገፋው አየር የሳሳ። ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት «65 ዲግሪ» ሌላ ሀገር የተለካ ነው። ቢሆንም የከፍታው ነገር ጥቂት ዲግሪ ቢጨምር ነው እንጂ 83 አያደርስም።

ስለዚህ ከፈትኩት። አራቱን ብሎን ስፈታ አንዱ ጭንቅላቱ የተላጠ ነው፤ ሰው ነክቶታል። ቺፑና ብረቱ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል፣ ያውም ግማሹን ቺፕ ብቻ ነው የሸፈነው። «ተከፍቶ የማያውቅ» የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

«ማይኒንግ ላይ የዋለ ይሆን?» አለ ልጁ። ሊሆን ይችላል። ኢቴሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5፣ 2015 አሠራሩን ቀይሮ ግራፊክስ ካርድ ማያስፈልገው ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ሌት ተቀን ሲሠራ የኖረ ካርድ ሁሉ ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ፈሰሰ። (እዚህ ሀገር ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል ይዘው ቢትኮይን ከሚያወጡት ድርጅቶች ጋር አታምታቱት፤ እነሱ የሚጠቀሙት ለዚያ ብቻ የተሠራ ሌላ ማሽን ነው፣ ግራፊክስ ካርድ አይደለም።) ማይኒንግ ላይ የዋለ ካርድ ሁሉ የሞተ ነው የሚለውን ወሬ ግን አልቀበልም። ቺፑ በአንድ ዓይነት ሙቀት ሲሠራ መክረሙ ያን ያህል አይጎዳውም። የሚያልቀው ፋኑ፣ ፔስቱና ሜሞሪው ላይ ያለው ንጣፍ ነው፤ ሜሞሪውም ሲለፋ ኖሯልና መፈተሽ አለበት። ፋንና ፔስት ይቀየራል። ሜሞሪ ከተበላሸ ግን ጊደሯ ሄደች።

ፔስቱን ጠርጌ አዲስ ቀባሁና መለስኩት። 67 ዲግሪ፣ 1936 ሜጋኸርዝ፣ ለአርባ ደቂቃ ያለ ንቅንቅ። ማስታወቂያው ከሚለው ከ1809 በ127 ይበልጣል፤ ኦሲ ሞድ ሳንነካ። ያመጣው አንዲት ጠብታ ፔስት ናት። ከዚያ የሜሞሪ ፍተሻ ከፍቼ ሌሊቱን ተውኩት፤ ደግነቱ መብራት አደረ። ጠዋት ስነሳ ስሕተት ዜሮ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ፍተሻ ግን የሚሠራበትን ሥራ ራሱን መስጠት ነው። የአስር ደቂቃ የሠርግ ቪዲዮ ይዞልኝ መጣ። በፕሮሰሰር ብቻ፣ በእሱ ዴል፣ 31 ደቂቃ። በካርዱ 7 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ኦሲ ሞድን አብርቼ ደገምኩት፤ 7 ደቂቃ ከ35። ይሄውላችሁ ኦሲው፣ አምስት ሰከንድ! ከዚያ በተቃራኒው ሄድኩ። አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም ካርዱ ከ120 ዋት ይልቅ 90 ብቻ እንዲወስድ ገደብኩት። 7 ደቂቃ ከ55፣ ሙቀቱ 61። ሩቡን ኃይል ነስቼው የከፈልኩት 15 ሰከንድ ነው። ፋብሪካው ለአምስት ሰከንድ ብሎ የሚያስጮኸውን ማሽን በ15 ሰከንድ ዝም ማሰኘት ይቻላል። እጃጂ ላይ፣ መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት፣ ስታቢላይዘሩ በሚንጣጣበት ሀገር፣ እኔ የቱን እንደምመርጥ ገባችሁ።

የሁለት ሰዓት ከሩቡ ቪዲዮ እንግዲህ ከሰባት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ወረደ። መብራት ሲመጣ ጀምሮ ሳይጠፋ መጨረስ ይቻላል ማለት ነው። ለልጁ የካርዱ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን የማልወደውን ልንገራችሁ። እነዚህ ባለ ሁለት ፋን ማቀዝቀዣዎች ሙቀቱን ከቺፑ ያነሳሉ እንጂ ከኬዙ አያወጡትም፤ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይበትኑታል። ሰፊ ኬዝ፣ ፊትና ኋላ ፋን ያለው ከሆነ ችግር የለም። ጠባብ የቢሮ ኬዝ ውስጥ ግን ካርዱ 67 እያለ ፕሮሰሰሩ ይቃጠላል። ለጠባብ ኬዝ ያ ሁሉም የሚንቀው፣ የሚጮኸው፣ በአንድ ፋን ከኋላ አየር የሚተፋው ካርድ ይሻላል። ሌላው ዕድሜው ነው። 1060 የወጣው በ2016 ነው። ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ መደበኛ ድራይቨር ማውጣቱን በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ እስከ 2028 የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው የሚሰጠው። ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች ይሠራሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚወጣው ላይሠራ ይችላል።

«ሌላ ምን ይግዛ ታዲያ?» ትሉኛላችሁ። የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ ላለው ሰው ጂቲኤክስ 1650 ይበቃል። 75 ዋት ነው፣ ስሎቱ ላይ ሰክታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ፓወር ሳፕላይ አትቀይሩም። ግን እዚህም «ኦሲ» የሚለውን ፍሩ! ከፋብሪካ ከፈጠኑት 1650ዎች ብዙዎቹ ባለ 6 ጥርስ ገመድ ይጠይቃሉ። ካርዱ የነበረውን ዋና ጥቅም ለጥቂት በመቶ ሸጡት። አዲስ ለመግዛት አቅም ያለው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋውን ይይ፣ እሱም 70 ዋት ነው። ዋጋውን አትጠይቁኝ፤ ሐምሌ 2016 ዶላር በገበያ ከተተመነ ወዲህ የትናንቱ ዋጋ ለዛሬ አይሆንም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቱ መጡ። ገበያ ሲሄዱ ነው፣ በሩ ላይ እንደቆሙ ነበሩ። ግቡ ብል እምቢ አሉ። ስለ ሜጋኸርዝ አልጠየቁኝም። በኦሮምኛ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት፣ «ይቆያል ወይ?»

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ትውልድ፣ ሰው የከፈተው፣ የት እንደዋለ የማይታወቅ ዕቃ ነው የፈተሽኩት። «አዴ፣ የዘንድሮን ጥርና የከርሞን ጥር እንዲያደርስ አድርጌ አስተካክለዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም ቃል አልገባልዎትም። ካልፈለጉ ዛሬ ይመለሳል፣ ብሩም ይመጣል» አልኳቸው። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። እሳቸው ትንሽ አሰቡና፣ ጊደሯም ብትሆን ሁለት ዓመት መኖሯን ማን ያውቃል ነበር ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ግን ዋሽቶሃል፤ ከዋጋው ይቀንስ» አሉት። እኔ ሌሊቱን ሙሉ በፕሮግራም ስለካ አድሬ ይሄን ገና አላሰብኩትም ነበር!

ሻጩ ጋ ደወልን። የተላጠውን ብሎንና የደረቀውን ፔስት ፎቶ ላክንለት፣ የ83 ዲግሪውንም ስክሪንሾት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ «እኔም ከሰው ነው የገዛሁት» አለ፣ በመጨረሻ 4 ሺህ ብር መለሰ። ያ ብር ያገለገለ ግን ክብደት ያለው ፓወር ሳፕላይና ማገናኛ ገመድ ገዛ፤ ትንሽ ጨምሮበታል። (ፓወር ሳፕላይ ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት፤ 500 ዋት ተብሎ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ከሆነ ተዉት።) የዴሉን ሃርድ ዲስክ ወደ ላይ አዛወርነው፣ የኬዙን የጎን ክዳን አውልቀን በወንፊት ሽቦ ሸፈንነው። አያምርም፣ ግን ይተነፍሳል። ካርዱ 90 ዋት ላይ ታስሮ ነው የሚሠራው።

ከአራቱ ሠርግ ሦስቱን አስረክቧል። አራተኛው ትናንት ማታ ገብቷል፤ አንዴ መብራት ጠፍቶበት በማግስቱ ከሰዓት ጨረሰው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ፋኑን በቀለም ብሩሽ እንዲጠርግ ነግሬዋለሁ፣ እየጠረገ መሆኑን በማለፍ ላይ ሳለሁ ገብቼ አያለሁ። ሰኔ ላይ፣ ፈተና ካለቀ በኋላ፣ እንደገና ከፍቼ ፔስቱ ምን እንደመሰለ አይና ቁጥሩን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።

ካርድ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የኮምፒውተራችሁን ሞዴልና የፓወር ሳፕላዩን ዋት ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። «ቲቸር ጥሩ ነው?» ብቻ ብላችሁ የካርድ ፎቶ አትላኩ፤ ከፎቶ ላይ ፔስት አይታየኝም።